ቅጥሩ ሳይሰበር የወደቀው አምባ

ለመሆኑ ምሽግ በስንት መንገድ ይወድቃል? መድፍ ቅጥሩን ሲንደው ይወድቃል። ጠላት መሰላል አስደግፎ በላዩ ሲዘልቅ ይወድቃል። ከውስጥ ያለ ከሃዲ በሌሊት በር ሲከፍትም ይወድቃል። የታሪክ መጻሕፍት በእነዚህ ሦስት ዓይነት አወዳደቆች የተሞሉ ናቸው። ከሦስቱም ውጪ የሆነ አራተኛ አወዳደቅ ግን አለ። ድንጋዩ እንደ ቆመ፣ በሩ እንደ ተዘጋ፣ ወታደሩም መሣሪያውን እንደ ያዘ ሳለ፣ አንድ ቀን ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው የዚህን አራተኛውን አወዳደቅ ነው።

አገሩ ኮርያ ነው። የኮርያ ስም ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በዚያ ተራሮች ላይ ተዋግተዋል፤ ከመቶ የሚበልጡትም እዚያው ወድቀዋል። እኛ የምናውቃት ኮርያ እንግዲህ የዚያን ዘመኗ ኮርያ ናት። ከዚያ በፊት 300 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከዋና ከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኝ ተራራ ላይ የሆነውን ነገር ግን ኮርያውያን እስከ ዛሬ ሲያነሡት ድምፃቸው ዝቅ ይላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ናምሃንሳንሶንግ ይባላል። «ሳን» በኮርያ ቋንቋ ተራራ ነው፤ «ሶንግ» ደግሞ ቅጥር ወይም ምሽግ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ በአማርኛ «አምባ» ብንላቸው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም።

ተራራውና ቅጥሩ

ናምሃንሳንሶንግ የሚገኘው ከሶል መሐል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የተራራው አቀማመጥ ራሱ የተፈጥሮ ምሽግ ነው፤ ጠርዙ ከፍ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ትልቅ ገበቴ ይመስላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ቀጥ ያለ ዳገት ይጠብቀዋል። ጠርዙን ካለፈ በኋላ ግን ሰፋ ያለ፣ ውሃ የማይነጥፍበት፣ መንደር የሚያኖር ሜዳ ያገኛል። ቅጥሩ የተራራውን ጠርዝ ተከትሎ እንደ ዘንዶ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ በኋላ ከተጨመሩት የውጭ ቅጥሮች ጋር ርዝመቱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ኮርያውያን በተራራ ላይ መመሸግን የጀመሩት ትናንት አይደለም። ከመሬታቸው ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው ተራራ በመሆኑ የጦር ስልታቸውም ከዚያው የተቀዳ ነው። ጠላት በመጣ ጊዜ ሕዝቡ እህሉን ሰብስቦ፣ ያልሰበሰበውን አጥፍቶ ወደ አምባ ይወጣል። ጠላት ባዶ ሜዳ ይወርሳል። ከዚያም ወይ በረኀብ ወይ በብርድ ተመትቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። የጥንቶቹ ነገሥታት ከቻይና የሚመጣባቸውን ታላላቅ ጦር በተደጋጋሚ የመለሱት በዚህ ዘዴ ነበር። በዚሁ ተራራ ላይም የሺላ መንግሥት በ672፣ ከቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት ጋር በተዋጋበት ወቅት፣ ምሽግ ሠርቶበታል። የዛሬ ዘመን የቁፋሮ ባለሙያዎች ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ሥር ያገኟቸው፣ አንዱ ብቻ 20 ኪሎ የሚጠጋ የጣሪያ ሸክላዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

ዛሬ የሚታየው ቅጥር በአመዛኙ የቾሶን ሥርወ መንግሥት ሥራ ነው። በ1624 ዪ ኳል የተባለ የጦር አዛዥ ሸፍቶ ዋና ከተማይቱን ያዘ፤ ንጉሥ ኢንጆም ወደ ደቡብ ለመሸሽ ተገደዱ። አመፁ ቶሎ ቢከሽፍም ንጉሡ አንድ ነገር ተማሩ፤ ለከተማይቱ ቅርብ የሆነ መጠጊያ ያስፈልጋቸዋል። በዚያው ዓመት ግንባታው ተጀመረና በ1626 ተጠናቀቀ።

የግንባታው አንዱ አስደናቂ ገጽታ ድንጋዩን የተሸከመው ትከሻ ነው። የቾሶን መንግሥት የኮንፊውሺየስን ትምህርት የሙጥኝ ያለ፣ ቡድሂስት መነኮሳትን ዝቅ አድርጎ የሚያይ መንግሥት ነበር። ይህን ቅጥር እንዲሠሩለት የጠራው ግን እነዚያኑ መነኮሳት ነው። ብዮካም ጋክሶንግ በተባሉት መነኩሴ መሪነት ከየክፍለ ሀገሩ ተሰባስበው ድንጋይ ፈለጡ፣ ኖራ አቦኩ፣ ግንብ ገነቡ። በቅጥሩ ውስጥ ለመኖሪያቸው ገዳማት ተሠሩላቸው። ሥራው ሲያልቅም ወደ መጡበት አልተመለሱም፤ ቀን ጸሎት እያደረሱ፣ ሌሊት ዘብ እየቆሙ ኖሩ። ጥይትና ባሩዱም በየገዳማቱ ግምጃ ቤት ይቀመጥ ነበር።

ቅጥሩን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው የአሠራሩ ጥበብ ግልጽ ነው። ከሥሩ ትላልቅ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድንጋዩ እያነሰ፣ ግድግዳውም በጥቂቱ ወደ ውስጥ እያዘነበለ ይሄዳል፤ በዚህም ክብደቱን ራሱ ይችላል። በላዩ ላይ በጡብና በኖራ የተሠራ የደረት ከለላ አለ። በከለላው ላይ የተኩስ ቀዳዳዎች ይታያሉ። አንዳንዱ ቀዳዳ አግድም የተቦረቦረ ነው፤ ይህ በሩቅ ላለ ጠላት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ታች አዘቅዝቋል፤ ይህኛው ከቅጥሩ ሥር ለደረሰ ነው። ከአራቱ ታላላቅ በሮች ሌላ ጣሪያ የሌላቸው፣ ከውጭ ሲያዩዋቸው በቀላሉ የማይለዩ 16 ስውር በሮች ነበሩት፤ ስንቅ ለማስገባት፣ መልእክተኛ ለማስወጣት።

ስለ ግንባታው በአካባቢው የሚተረክ አንድ አፈ ታሪክ አለ። የቅጥሩን አንድ ወገን እንዲሠራ የታዘዘው ዪ ሆይ የተባለ ሹም ነበር ይላሉ። ሥራውን ጠንቅቆ ሲሠራ ጊዜ ፈጀ፣ ገንዘቡም አለቀበት። ምቀኞች «የመንግሥትን ገንዘብ በላ» ብለው ከሰሱትና አንገቱ ተቀላ። በኋላ ግንቡ ሲመረመር የእሱ ወገን ከሁሉ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ ለመለመን ወጥታ የነበረችው ሚስቱም መርዶውን ስትሰማ ወንዝ ገባች። ዛሬም በአምባው ላይ ለእሱ መታሰቢያ የቆመ ትንሽ ቤት አለ። አፈ ታሪክ ነውና እውነቱን ማረጋገጥ ያዳግታል። ይሁንና ሕዝቡ ስለዚህ ቅጥር ሲያስብ መጀመሪያ የሚታየው የድንጋዩ ጥንካሬ ሳይሆን፣ ድንጋዩን ያጠነከረ ሰው የተከፈለው ዋጋ መሆኑን ልብ ይሏል።

በሁለት ዝሆኖች መካከል

አሁን ወደ ፖለቲካው እንለፍ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ፣ ከ1592 እስከ 1598፣ ጃፓን ኮርያን ወርራ አገሪቱን አመድ አድርጋት ነበር። በዚያ ጊዜ ጦር ልኮ ያገዛት የቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ነው። የኮርያ ሊቃውንትና መኳንንት ይህን ውለታ እንደ ልጅ ለአባት ቆጠሩት። እነሱ ዘንድ ሚንግን መካድ የፖለቲካ ስሕተት ብቻ አልነበረም፤ ከሰውነት ተራ መውጣት ነበር።

ከሰሜን በኩል ግን ሌላ ኃይል እየተነሣ ነበር። ማንቹዎች፣ ቀድሞ በየጎሣው ተበታትነው ይኖሩ የነበሩት፣ በአንድ መሪ ሥር ሆነው ሚንግን መፈታተን ጀመሩ። ከኢንጆ በፊት የነገሡት ኳንግሄ በሁለቱ መካከል በብልሃት ለመሄድ ሞክረው ነበር፤ ሚንግንም ሳያስቀይሙ፣ ማንቹንም ሳያስቆጡ። ይህ ብልሃት ግን ዙፋናቸውን አላዳነላቸውም። በ1623 በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ «የሚንግን ውለታ ረሱ» የሚል ነበር። ኢንጆ የነገሡት እንግዲህ በዚህ ክስ ላይ ተረማምደው ነው።

ማንቹዎች በ1627 አንድ ጊዜ ገብተው፣ «ወንድማማች እንሁን፤ ታላቁ እኛ ነን» የሚል ውል አስረው ተመለሱ። በ1636 ግን ንጉሣቸው ሆንግ ታይጂ የአገሩን ስም ታላቂቱ ቺንግ ብለው ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት አሰኙ። በበዓለ ሲመታቸው ላይ የተገኙት የኮርያ መልእክተኞች ለመስገድ እምቢ አሉ። ለእነሱ ከሰማይ በታች ያለው ንጉሠ ነገሥት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቤጂንግ ነው። በሶል ቤተ መንግሥትም «እንዋጋ» የሚለው ድምፅ አየለ። ለጦርነቱ የሚሆን ጦር ግን ከድምፁ እኩል አልተዘጋጀም ነበር።

47 ቀናት

የብርዱ ወራት ገብቶ ወንዞች ወደ በረዶ ሲለወጡ የቺንግ ፈረሰኞች ድንበር የሆነውን የያሉ ወንዝ ተሻገሩ። እዚህ ላይ የጥንቱ የአምባ ስልት ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ኮርያውያን በየመንገዱ ዳር ባሉ ተራሮች ላይ መሽገው፣ ጠላት መጥቶ ቅጥራቸውን እስኪመታ ይጠባበቁ ነበር። ጠላቱ ግን ቅጥራቸውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በሥሩ አልፎ ሄደ። ስመ ጥሩው የጦር አዛዥ ኢም ግዮንጎፕ በሰሜን በባንግማ ምሽግ ላይ ሆነው ሲጠብቁ፣ ፈረሰኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋና ከተማይቱ ደጃፍ ደረሰ። ለካ ቅጥር የሚጠቅመው ጠላት ሊሰብረው ሲፈልግ ብቻ ኖሯል!

የንጉሡ ዕቅድ ወደ ጋንግሁዋ ደሴት መሸሽ ነበር። ማንቹ በፈረስ እንጂ በመርከብ አያውቅም ተብሎ ይታመን ስለነበር ደሴቷ ከሁሉ የተሻለች መደበቂያ መስላ ታየች። የንጉሡ ቤተሰብና የአያቶቻቸው መታሰቢያ ጽላቶች ቀድመው ተላኩ። ንጉሡ ሊከተሉ ሲሉ ግን መንገዱ ተቆርጦ አገኙት። በዚያች ጭንቅ ሰዓት ቼ ምዮንግጊል የተባሉት ሹም ወደ ጠላት ጦር መሪ ሄደው በንግግር ጊዜ እንዲገዙ ተላኩ። እሳቸው ከጠላት ጋር ቃል ሲለዋወጡ ንጉሡ ወደ ናምሃንሳንሶንግ ወጡ። በማግስቱ ንጋት ሳይነጋ ወደ ደሴቷ ለመውጣት ዳግመኛ ሞከሩ፤ መንገዱ በረዶ ሆኖ ፈረሱ አልረገጥ አለ፤ ወርደው በእግራቸው ቢሄዱም አልሆነም፤ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አምባው ተከበበ።

በቅጥሩ ውስጥ 13 ሺህ ያህል ወታደር ነበር። ስንቁ 50 ለሚሆኑ ቀናት ብቻ የሚበቃ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥር 1637 ነው፤ የኮርያ ጥር ደግሞ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ብርድ ነው። ወታደሩ ሌሊቱን ሙሉ በግንቡ ላይ ቆሞ ስለሚያድር ጣቱ በብርድ ይሞት ጀመር። የዕለት ድርሻው ቀነሰ። ፈረሶች መኖ አጡ፤ ከዚያም ታረዱ።

አንድ ቀን ከሰሜን በር 300 ያህል ወታደር ወጥቶ እንዲያጠቃ ታዘዘ። ጠላት ያፈገፈገ መስሎ ቁልቁል ሳባቸው። ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ ከየአቅጣጫው ወጣባቸውና አለቁ። ከ100 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1779 ንጉሥ ጆንግጆ ቅጥሩን ሲያሳድሱ ያን በር «የፍጹም ድል በር» አሉት። ሽንፈቱ እንዳይረሳ፣ ዳግመኛም እንዳይደርስ በማሰብ ነው ይባላል።

ረዳት ጦርም አልቀረም ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ተነሥቶ መጣ። ከደቡብ የመጣው ትልቁ ጦር በሳንግሪዮንግ ተመታ። ከቾላ የመጣው ጦር በኳንግዮ ተራራ ላይ አንድ ታላቅ የማንቹ የጦር አለቃ እስከ መግደል ቢደርስም፣ ባሩዱ አልቆበት ወደ ኋላ ተመለሰ። ሆንግ ታይጂ ራሳቸው ሲደርሱ ደግሞ ከበባው ጠበቀ። በምሥራቅ በኩል ካለው የሃንቦንግ ጉብታ ላይ መድፍ ተጠመደና ጥይቱ በንጉሡ ማረፊያ ላይ ማረፍ ጀመረ። ቅጥሩ ግን አልተሰበረም። የቺንግ ወታደሮች መሰላል ይዘው በሌሊት ያደረጉት ሙከራም ተመለሰ።

የቀደዱትና የሰበሰቡት

የዚህ ታሪክ ዋናው ጦርነት ታዲያ በቅጥሩ ላይ አልነበረም። በቅጥሩ ውስጥ፣ በንጉሡ ፊት ነበር። ተዋጊዎቹም ሁለት ናቸው።

አንደኛው ኪም ሳንግሆን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ፣ በምሁርነታቸው የተከበሩ፣ የሥርዓት ሚኒስትር። የእሳቸው አቋም በእኛው ተረት ሲነገር «ስም ከመቃብር በላይ ነው» የሚለው ነው። ንጉሥ ቢሞት አገር ሌላ ንጉሥ ያገኛል፤ ንጉሥ ተንበርክኮ ከኖረ ግን የቀረው ነገር አገር ተብሎ ሊጠራ ይችላል ወይ?

ሁለተኛው ጊዜ ሊገዙ ወደ ጠላት የሄዱት ቼ ምዮንግጊል ናቸው። የእሳቸው አቋም ደግሞ «ከመሞት መሰንበት» ነው። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ወታደር፣ ከቅጥሩ ውጪ ያለው ገበሬ ስለ ሚንግ ውለታ ብሎ ማለቅ የለበትም። ውርደት ያልፋል፤ የሞተ ሕዝብ ግን አይነሣም። ቼን ፈሪ ለማለት አይቻልም፤ በ1623 ኢንጆን ካነገሡት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ኳንግሄን በሚንግ ውለታ ከከሰሱት ወገን ነበሩ። ያኔ የከሰሱበትን መንገድ አሁን ራሳቸው ሊሄዱበት ግድ ሆነባቸው።

ቼ ለጠላት የሚላከውን የእጅ መስጫ ደብዳቤ ጻፉ። ኪም አነበቡት፤ እያለቀሱም ቀደዱት። ቼ ደግሞ ጎንበስ ብለው ቁርጥራጩን ከወለሉ ላይ ለቃቀሙ። አገር የሚቀድም ሰው ያስፈልጋታል፣ የሚሰበስብም ሰው ያስፈልጋታል የሚል መንፈስ ያለው ቃል እንደ ተናገሩም ይተረካል። በኮርያ ታሪክ ከዚህች ቅጽበት የበለጠ ብዙ የተጻፈባት ትዕይንት ጥቂት ናት። ኪም ሁን የተባለው ደራሲ በ2007 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በ2017 ደግሞ ከዚያው ልብ ወለድ በተሠራው ፊልም እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደገና ተፋጠዋል።

ክርክሩን የቋጨው ከውጭ የመጣ ወሬ ነው። «ማንቹ ባሕር አያውቅም» የተባለላት ጋንግሁዋ ተያዘች። ጀልባ ሠርተው ተሻገሩ። የንጉሡ ልጆችና የልጆቻቸው ሚስቶች ተማረኩ። የኪም ታላቅ ወንድም ኪም ሳንግዮንግ በዚያች ደሴት በደቡቡ በር ላይ በባሩድ ራሳቸውን አጠፉ። ከዚህ በኋላ በናምሃንሳንሶንግ የሚጠበቅ ነገር አልቀረም። ኪምም ራሳቸውን ለመስቀል ሞክረው ሰው ደርሶ አዳናቸው።

በ47ኛው ቀን፣ የካቲት 24 ቀን 1637፣ ንጉሥ ኢንጆ የንጉሥ ልብሳቸውን አውልቀው ሰማያዊ የአገልጋይ ልብስ ለብሰው በጠባቡ በምዕራብ በር ወጡ። በሃን ወንዝ ዳር ሳምጆንዶ በምትባል መሻገሪያ ላይ ሆንግ ታይጂ ከፍ ባለ መድረክ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ኢንጆ ሦስት ጊዜ ተንበረከኩ፤ በእያንዳንዱ መንበርከክ ሦስት ጊዜ ግንባራቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ዘጠኝ ሰግደት።

ከውሉ ዝርዝሮች አንዱን ልጥቀስ፤ ኮርያ ከእንግዲህ አዲስ ቅጥር እንዳትሠራ፣ አሮጌውንም እንዳታድስ። አሸናፊው የናምሃንሳንሶንግን ድንጋይ በመድፍ ማፍረስ አላስፈለገውም፤ በብዕር አፈረሰው።

ከክርክሩ ውጪ የቀሩት

እስካሁን የተረክነው የንጉሥና የመኳንንት ነገር ነው። ጦርነቱን በሙሉ ክብደቱ የተሸከመው ግን ሌላ ነበር። የቺንግ ጦር ወደ ሰሜን ሲመለስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየነዳ ሄደ። በሸንያንግ ገበያ የኮርያ ሰው ይሸጥ ጀመር። ልዑል አልጋ ወራሹ ሶህዮንና ወንድማቸው ቦንግሪምም በመያዣነት ተወሰዱ። «እንዋጋ» ካሉት ሦስት ሹማምንት በሸንያንግ ተገደሉ። ከዚያ አምልጦ የያሉን ወንዝ የተሻገረ ምርኮኛ ቢኖር፣ ራሷ ኮርያ ይዛ እንድትመልስ በውሉ ተጽፏል።

ገንዘብ ያለው ዘመዱን ሊቤዥ ሄደ፤ የሌለው ማሳውንና ከብቱን ሸጠ። ከተቤዡት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። እነሱም «ወደ አገራቸው የተመለሱ ሴቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ ሲሰማ የምሥራች ይመስላል። በሰው አፍ ግን ስድብ ሆነ። ትላልቅ ቤተሰቦች «የጠላት እጅ የነካት ሴት ለአያቶቻችን መሥዋዕት አታቀርብም» ብለው ፍቺ ጠየቁ። ንጉሥና ሹማምንት ሊጠብቋቸው ያልቻሉት ሴቶች፣ ራሳቸውን ስላልገደሉ ተወቀሱ።

በዚህ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደረገው ማን ነው? እንደገና ቼ ምዮንግጊል። ፍቺው ከተፈቀደ ነገ ማንም ሚስቱን አይቤዥም፤ በባዕድ አገር የቀሩት ሁሉ እዚያው ያልቃሉ ሲሉ ተከራከሩ። ንጉሡም በሐሳባቸው ተስማሙ። የመኳንንቱ ልማድ ግን ከአዋጅ በላይ ሆነ፤ ብዙዎች በሰበብ በአስባቡ ሌላ ሚስት አገቡ። ቼን ታሪክ «እጅ ስጡ ያሉ ሰው» ብሎ ሲያነሣ ይህን ሁለተኛውን ክርክራቸውን ይዘነጋል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ክርክር የምረዳው ከዚህኛው ተነሥቼ ነው። ሰውዬው በቅጥሩ ውስጥ ሆነው ያሰቡት የንጉሡን ግንባር ሳይሆን ከቅጥሩ ውጪ የቀረውን ሰው መሆኑን ይህ ያሳያል።

የሁለቱ ባላንጣዎች መጨረሻም የሚደንቅ ነው። ኪም ሳንግሆን፣ ኮርያ ሚንግን ለመውጋት ጦር እንዳትልክ ስለተቃወሙ ተይዘው ወደ ሸንያንግ ተወሰዱ። ቼ ምዮንግጊልስ? እኚያ «የጠላት ወዳጅ» የተባሉት ሰው፣ በአንድ መነኩሴ አማካይነት ከሚንግ ጋር በምስጢር መጻጻፋቸው ተደርሶበት እሳቸውም ወደዚያው ወኅኒ ገቡ። የቀደዱትና የሰበሰቡት በጠላት አገር በአንድ እስር ቤት ተገናኙ። እዚያም አንዱ የሌላውን ልብ አወቀ፤ ታረቁ። ሁለቱም በ1645 ተፈትተው ተመለሱ። ያች የኪም ጽናትና ያች የቼ ብልሃት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን ለመረዳት ስምንት ዓመትና አንድ ወኅኒ አስፈለገ።

አልጋ ወራሹ ሶህዮን ግን ይህን ዓይነት ዕርቅ አላገኙም። በምርኮ ዘመናቸው ቤጂንግ ገብተው ከአውሮፓዊው ካህን ከአዳም ሻል ጋር ተዋውቀው፣ አዲስ ዕውቀት ቀምሰው በ1645 ቢመለሱም፣ አባታቸው በጥርጣሬ ተቀበሏቸው፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ሞቱ። በ1649 የነገሡት ወንድማቸው ቦንግሪም ናቸው፤ ህዮጆንግ ተብለው። ዘመናቸውን ሙሉ ወደ ሰሜን ዘምተው ቂማቸውን ለመወጣት ሲዘጋጁ ኖረው ሳይዘምቱ አረፉ።

ቅጥሩና ሐውልቱ

ውሉ «አታድሱ» ቢልም ኮርያውያን ቀን ጠብቀው ቅጥራቸውን ማደሳቸው አልቀረም። ከበባው ያስተማራቸውንም በድንጋይ ጻፉ። በ1686 የቦንጋም፣ በ1693 ደግሞ የሃንቦንግ የውጭ ቅጥሮች ተጨመሩ። የሃንቦንጉ ቅጥር የከበበው ያ መድፍ ተጠምዶበት የነበረውን ጉብታ ነው። ሌላ መድፍ እዚያ ላይ እንዳይወጣ።  አምባው የወረዳ ከተማ ሆኖ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ኖረበት። በ1907 የጃፓን ጦር በገዳማቱ ያለውን ባሩድና መሣሪያ ሲያወድም ብዙዎቹ ገዳማት አብረው ጠፉ። የንጉሡ ማረፊያም በዚያ ዘመን ፈረሰና በዚህ በያዝነው ምዕተ ዓመት እንደገና ተሠራ። በ2014 ዩኔስኮ አምባውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዛሬ የሶል ሰው በሰንበት ቀን ስንቁን ይዞ በግንቡ ላይ ሲንሸራሸር ይውላል።

ከቅጥሩ ይልቅ ያስቸገረው ሌላ ድንጋይ ነው። ቺንጎች በሳምጆንዶ፣ ኢንጆ በሰገዱበት ሥፍራ፣ የድላቸው መታሰቢያ ሐውልት እንዲቆም አዘዙ። በ1639 ቆመ። ጽሑፉን ያዘጋጁት ዪ ግዮንግሶክ የተባሉ ኮርያዊ ሊቅ ናቸው፤ ንጉሡ ለምነዋቸው ነው። ፊደል መማራቸውን እንደ ተጸጸቱበት ይነገራል። ጽሑፉ በማንቹ፣ በሞንጎልና በቻይና ቋንቋ ነው። በኮርያ ፊደል አንድም ቃል የለበትም።

የዚህ ሐውልት ዕድል የሕዝቡን ልብ ያሳያል። በ1895 ጣሉትና ቀበሩት። ጃፓኖች በ1917 አውጥተው አቆሙት። በ1956 እንደገና ተቀበረ። በ1963 እንደገና ቆመ። በ2007 አንድ ሰው ቀይ ቀለም ረጨበት። በ2010 ቀድሞ ቆሞበት ወደ ነበረው ሥፍራ አቅራቢያ፣ ወደ ሶክቾን ሐይቅ ዳር ተወሰደ። አሁን 123 ፎቅ ካለው የሶል ረጅሙ ሕንፃ አጠገብ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ተቀብሮ ሁለት ጊዜ የተነሣ ውርደት ማለት ይህ ነው።

ውርደትን መቅበር የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ኮርያውያንም ቀበሩት፤ ግን መልሰው አወጡት። ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው በምዕራቡ ጠባብ በር ሲያልፉ «ንጉሣችን በዚህ ወጡ» ይሏቸዋል፤ ከዚያም ያ ንጉሥ ባይወጡ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ 400 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ኪምም ደጋፊ አላቸው፤ ቼም አላቸው።

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» የሚለውም፣ «ከመሞት መሰንበት» የሚለውም እውነት ነው። አስቸጋሪው ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው። ያን ጊዜ ቅጥር አያድንም። ለመፍረድ የሚፈልግ ሰው ግን ከመፍረዱ በፊት ከቅጥሩ ውስጥ የነበሩትን ብቻ ሳይሆን፣ ከቅጥሩ ውጪ ቀርተው በብርድ ወደ ሰሜን የተነዱትንም ይጠይቅ። እነሱ ስለ ስምም ሆነ ስለ መሰንበት አስተያየታቸውን የጠየቃቸው የለም። ሐውልትም አልቆመላቸውም።